ከክትባት ክፍሉ በር ጀምሩ፦ የጥራት ማሻሻያ አሠራር ለጤና ጣቢያ ሠራተኛ

ብዙ ጤና ጣቢያ ውስጥ «ጥራት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ቦክስ ፋይል አለ። ሱፐርቪዥን ሲመጣ ከመደርደሪያው ይወርዳል፤ ሲሄድ ይመለሳል። ውስጡ ቃለ ጉባኤ አለ፣ ዕቅድ አለ፣ የተሰብሳቢዎች ፊርማ አለ። ካርድ ክፍሉ ፊት ያለው ሰልፍ ግን እንደዚያው ነው።

ይህ መመሪያ ለቦክስ ፋይሉ አይደለም። በአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቦሌ አራብሳ ወይም በየካ አባዶ በኩል ባለ ጤና ጣቢያ ለምትሠሩ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ጤና መኮንኖች፣ የላብራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች ነው። ስልጠና እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። እስክሪብቶ፣ ካሬ ወረቀት፣ ፕላስተርና በሳምንት ትንሽ ጊዜ ይበቃል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ለወረዳ የምንልከው ቁጥርና ለራሳችን የምንቆጥረው ቁጥር የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ያስጠይቃል። ሰው ደግሞ የሚያስጠይቀውን ቁጥር ማሳመር ይቀናዋል። ሁለተኛው ማንንም ስለማያስቀጣ እውነቱን ለማሳየት ነፃ ነው። ማሻሻያ የሚሠራው በሁለተኛው ነው። ይህ ካልተለየ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሌላ ቅጽ መሙላት ሆኖ ይቀራል።

ዘዴው ባጭሩ

መነሻው ሆስፒታል ሳይሆን ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ዋልተር ሸዋርት የተባለ አሜሪካዊ በስልክ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ የምርት ጉድለትን በጊዜ ቅደም ተከተል በመስመር ላይ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አዘጋጀ። ኤድዋርድስ ዴሚንግ ሐሳቡን አሰፋው፤ በ1950ም ጃፓን ሄዶ አስተማረው። እኛ ካይዘን እያልን የለመድነው ከዚያው ወገን ነው። የሥራ ቦታ ማደራጃ የሆኑትን የካይዘን አምስት «ማ»ዎች ግድግዳ ላይ የለጠፈ ክፍል ካላችሁ ለነገሩ እንግዳ አይደላችሁም። አገራችንም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጥራት ስትራቴጂ ነበራት።

ዛሬ በጤናው ዘርፍ በብዛት የሚሠራበት መንገድ በሦስት ጥያቄዎች ይጀምራል። ምን ማሻሻል ነው የፈለግነው? መሻሻሉን በምን እናውቃለን? ምን ብንቀይር ይሻሻላል? ከዚያ በኋላ ትንሽ ሙከራ ይመጣል፦ ማቀድ፣ መሥራት፣ ማጥናት፣ መወሰን። ፒዲኤስኤ የሚባለው ይህ ነው። ሌላው ሁሉ የእነዚህ ማገዣ ነው።

1. እጃችሁ የሚደርስበትን ችግር ምረጡ

የመድኃኒት እጥረት እውነተኛ ችግር ነው። የውሃ ፈረቃም፣ የመብራት መጥፋትም እንዲሁ። ነገር ግን ቁልፉ እናንተ ጋ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትይዙት ሥራ ከራሳችሁ ክፍል የማይወጣ ይሁን። በየሳምንቱ የሚደጋገም፣ በቀላሉ የሚቆጠር፣ ተገልጋዩንም እናንተንም የሚያማርር ቢሆን ይመረጣል።

ምርጫ ሞልቷል። ከካርድ ክፍል እስከ ትሪያጅ (ታካሚዎች እንደ ሕመማቸው ክብደት የሚለዩበት ቦታ) ያለው ወረፋ አለ። ወልደው 24 ሰዓት ሳይሞላቸው የሚሄዱ እናቶች አሉ። ግፊቱ ሳይለካ የሚወጣ አዋቂ ታካሚ አለ። ጠፍቶ የቀረ የስኳር ታካሚም አለ። አንዱን ብቻ ያዙ። ሦስት ችግር በአንድ ጊዜ የጀመረ ቡድን አንዱንም ሲጨርስ እምብዛም አይታይም።

እኔ እዚህ በምሳሌነት የምይዘው ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ነው። የመጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። በ9 ወር ከተከተቡ ሕፃናት ውስጥ 15 በመቶ ያህሉ ሰውነታቸው በቂ መከላከያ አያዳብርም። ስለዚህ ሁለተኛው ትርፍ አይደለም። በ9 ወርና በ15 ወር መካከል ደግሞ የስድስት ወር ክፍተት አለ። በከተማችን ጠርዝ በስድስት ወር ውስጥ ብዙ ነገር ይሆናል። ተከራይ ቤት ይቀይራል። እናት ወደ ሥራ ትመለሳለች። ስልክ ቁጥር ይለወጣል።

2. ቡድኑ ውስጥ የበር ጥበቃውን አትርሱ

ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል። የክትባት ነርሷ፣ ካርድ ክፍል የሚሠራ ሰው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ከተቻለ አንዲት እናት። ኃላፊው በየስብሰባው መቀመጥ ባይኖርበትም ማወቅና መደገፍ አለበት።

ጥበቃውን ያልኩት ለቀልድ አይደለም። እናት ጊቢ ስትገባ መጀመሪያ የምታናግረው እሱን ነው። «ጋሼ፣ ክትባት አለ ዛሬ?» ትላለች። «የለም፣ ማክሰኞ ነይ» ካላት ወጥታ ትሄዳለች። እናንተ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ መምጣቷንም አታውቁም። ጽዳት የምትሠራው እትዬም ቢሆን ኮሪደሩ ላይ የሚባለውን ከማንም በላይ ትሰማለች።

ስብሰባው ረጅም አይሁን። ከጠዋቱ ሥራ በኋላ፣ ቆማችሁ፣ በሳምንት አንዴ፣ 15 ደቂቃ። ወንበር ከመጣ ሻይ ይመጣል፤ ሻይ ከመጣ ስለ ደሞዝና ስለ ትራንስፖርት ነው የሚወራው።

ከኃላፊው ጋር በመጀመሪያው ቀን የምትስማሙበት ነገር አለ። ቡድኑ የሚቆጥረው ቁጥር ለማንም የሥራ አፈጻጸም ምዘና አይውልም። ይህን በቃለ ጉባኤ አስፍሩት። ቃለ ጉባኤ ከሚጠቅምባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

3. መንገዱን በእግራችሁ ሂዱት

ከቡድኑ ሁለት ሰው ከአንዲት እናት ጋር ከበር እስከ በር ይሂድ። መጀመሪያ ፈቃዷን ጠይቁ። «እህቴ፣ እኛ ጋ የት የት እንደምትጉላዪ ማየት ፈልገን ነው፣ አብረንሽ ብንሄድ ቅር ይልሻል?» ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኛዋ እሺ ትላለች። እያንዳንዱን ቦታ፣ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት፣ ማን ምን እንዳላት ጻፉ። ለማስረዳት አትሞክሩ። ዝም ብላችሁ እዩ።

ተመልሳችሁ ያያችሁትን በቁራጭ ወረቀት ግድግዳ ላይ በፕላስተር ደርድሩት። በር፣ ካርድ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ ክትባት ክፍል፣ ቀጠሮ፣ መውጫ። «መሆን ያለበትን» ሳይሆን የሆነውን ነው የምትለጥፉት። በዚህ ላይ ሁሌም ክርክር ይነሳል። አንዱ «ቀጠሮ እኮ እንነግራለን» ይላል፤ አብሮ የሄደው ሰው ደግሞ አልሰማም። ክርክሩ ጥሩ ምልክት ነው፤ አትቁረጡት።

ከከተማ ዳር ጋር የተያያዙ ነገሮችንም ልብ በሉ። ቀጠሮ የተነገራት በምን ቋንቋ ነው? በገላን ወይም በኮዬ በኩል አፋን ኦሮሞ ብቻ የምትሰማ እናት ብትመጣ ማን ያስረዳታል? አድራሻ ስትጽፉ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ብሎክና ቤት ቁጥር ይገኛል፤ ቤት ቁጥር በሌለው ሰፈርስ ምን ጻፋችሁ? «ቀበሌ» የሚል ቃል ብቻ ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ያንን ይዛ የት ትሂድ?

4. «የግንዛቤ ማነስ» የሚለውን ሰርዙና እንደገና ጠይቁ

የምክንያት ትንተና ሲባል የዓሣ አጥንት የሚመስለው ሥዕል ይመጣል። ጃፓናዊው ካኦሩ ኢሺካዋ ነው ያስለመደው። ጭንቅላቱ ላይ ችግሩ ይጻፋል፤ አጥንቶቹ ላይ ሰው፣ አሠራር፣ ዕቃ፣ ቦታ እየተባለ ምክንያት ይደረደራል። መሣሪያው ጥሩ ነው። እኛ ጋ ሲሠራ ግን የመጀመሪያው አጥንት ላይ ሁልጊዜ «የእናቶች የግንዛቤ ማነስ» ይጻፍበታል። መፍትሔው ታዲያ ግንዛቤ ማስጨበጥ ይሆናል። ሪፖርቱም «ለዚህን ያህል እናቶች ግንዛቤ ተሰጥቷል» ይላል። ሁሉም ሠርቷል፤ ምንም አልተለወጠም።

ስለዚህ አንድ ሕግ አውጡ። ተገልጋይን የሚወቅስ ምክንያት የሚጻፈው በመጨረሻ ነው። ከዚያ «ለምን» እያላችሁ ወደ ታች ውረዱ። ለምሳሌ፦

ልጁ ሁለተኛውን ኩፍኝ ለምን አልወሰደም? እናቱ መጥታ ተመልሳለች።

ለምን ተመለሰች? ኩፍኝ የሚሰጠው ማክሰኞ ነው ተባለች፤ የመጣችው ሐሙስ ነው።

ለምን ማክሰኞ ብቻ? አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ሕፃናት የሚሆን ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ቢበዛ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ወይም የዕለቱ ክትባት ቀድሞ ካበቃ ያኔውኑ፣ የተረፈው ይጣላል። ለአንድ ልጅ ከመክፈት ብዙ ልጆችን በአንድ ቀን መሰብሰብ ተመረጠ።

መጣሉ ለምን ይህን ያህል አስፈራ? የተጣለው ዶዝ ይቆጠራል፤ ብክነት ተብሎም ያስጠይቃል። የተመለሰችውን እናት ግን ማንም አይቆጥራትም።

እዚህ ላይ ቁሙ። አምስት «ለምን» ይሙላ ብሎ ማስጨነቅ አያስፈልግም። ነርሷ ሰነፍ አይደለችም፤ እናትየዋም ግንዛቤ አላነሳትም። ሁለቱም የሚታየውን ቁጥር ተከትለው ነው የሄዱት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጥ እንዲከፈት ነው የሚመክረው። ምክሩን ማወቅ ብቻ ግን አሠራሩን አይለውጠውም፤ ብክነቱን የሚፈራ ሰው ፍርሃቱ የሚቀልበት መንገድ ይፈልጋል።

በሌላ ክፍል የምትሠሩም ይህን ቦታ ፈልጉት። ምን ይቆጠራል፣ ምን አይቆጠርም? ብዙ ችግር የተደበቀው በሁለቱ መካከል ነው።

5. ግቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ማን፣ ምን፣ ከስንት ወደ ስንት፣ እስከ መቼ። «የክትባት ሽፋንን ማሳደግ» ግብ አይደለም፤ ምኞት ነው። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «በእኛ ጤና ጣቢያ የመጀመሪያውን ኩፍኝ ከወሰዱ ሕፃናት ውስጥ 16 ወር ሳይሞላቸው ሁለተኛውን የሚወስዱትን ከ65 በመቶ ወደ 85 በመቶ እስከ ሰኔ መጨረሻ ማድረስ።»

65 ከየት መጣ? ከመዝገብ። እንበልና በጥር 40 ሕፃናት የመጀመሪያውን ወሰዱ። እነዚያው 40ዎቹ 16 ወር ሲሞላቸው መዝገቡን ስታዩ 26ቱ ሁለተኛውን ወስደዋል። 26 ለ40 ሲካፈል 65 በመቶ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የሰጠኋቸው ናቸው፤ የእናንተን ከራሳችሁ መዝገብ አውጡ። በዚህ ወር ሁለተኛውን የወሰዱትን በዚህ ወር የመጀመሪያውን ለወሰዱት አታካፍሉ። ልጆቹ የተለያዩ ናቸው። በተለይ ብዙ አዲስ ሰው በሚገባበት ሰፈር ይህ ስሌት ያሳስታል።

6. ሦስት ዓይነት ነገር ቁጠሩ

ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ወይ ምንም አይቆጥርም፣ ወይ ሃያ ነገር እቆጥራለሁ ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ሦስት ይበቃል።

አንደኛው ውጤቱ ነው፦ ከላይ ያለው በመቶኛ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ዛሬ የቀየራችሁት ነገር በውጤቱ ላይ እስኪታይ ወራት ይፈጃል።

ስለዚህ ሁለተኛው አሠራሩን የሚያሳይ፣ በየሳምንቱ የሚገኝ ቁጥር ይሁን። በእኛ ምሳሌ «በዚህ ሳምንት ለኩፍኝ መጥተው ሳይከተቡ የተመለሱ ሕፃናት ስንት ናቸው?» የሚለው ነው። ለዚህ ሶፍትዌር አያስፈልግም። አንድ የታሊ ወረቀት በር ላይ፣ አንድ ክትባት ክፍል ውስጥ። ጥበቃው አንድ እናት በተመለሰች ቁጥር አንድ ጭረት ይጭራል። ስም የለም፣ ስልክ የለም።

ሦስተኛው የሚረሳው ነው፦ አንዱን ስናሻሽል ሌላውን አበላሽተን እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር። እዚህ በሳምንት የተጣለው ዶዝ ነው። ብልቃጥ ለሁሉም ልጅ ስትከፍቱ ብክነቱ ይጨምር ይሆናል። ምን ያህል? ካልቆጠራችሁት ሌላ ሰው ይገምተዋል፤ ግምቱም በእናንተ ላይ ነው የሚሆነው። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ይዛችሁ ከወረዳው የክትባት ባለሙያ ጋር ብትነጋገሩ ንግግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። «ይህን ያህል ዶዝ ተጥሏል፣ ይህን ያህል ልጅ ግን አልተመለሰም» ማለት ትችላላችሁ። አቅርቦቱም እንዳያንስ አስቀድሞ ይታሰብበታል።

መቁጠር ከመጀመራችሁ በፊት «የተመለሰ» ማለት ማን እንደሆነ ተስማሙ። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ይቆጠራል? ሰልፉ በዝቶባት የሄደች እናትስ? ሰፈር ቀይሮ ሌላ ጤና ጣቢያ የተከተበ ልጅ በውጤቱ ውስጥ እንዴት ይያዛል? መልሱ ይህ ወይም ያ ቢሆን ብዙ ለውጥ የለውም። ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት መንገድ መቁጠሩ ነው ዋናው። በአንድ መስመር ጻፉትና ታሊው ራስጌ ላይ ለጥፉት።

ሌላም አለ። የወር ሪፖርታችን ከ21 እስከ 20 ነው የሚሄደው። ለራሳችሁ የምትቆጥሩት ከሰኞ እስከ እሑድ ይሁን። ሁለቱን ለማጣጣም አትልፉ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥር ከጠበቃችሁት በላይ ቢሆን አትደንግጡ። ነገሩ አልባሰም፤ መታየት ጀመረ እንጂ። ኃላፊው ቀድሞ ካልተነገረው ግን ሊደነግጥ ይችላል፤ ንገሩት።

7. ከስልጠና የጠነከረ ሐሳብ ፈልጉ

«ምን እናድርግ?» ሲባል ስልጠና፣ ፖስተርና ማሳሰቢያ ይመጣሉ። እነዚህ ደካማ ለውጦች ናቸው። ሰው እንዲያስታውስ ይጠይቃሉ፤ ሰው ደግሞ በሰኞ ጠዋት ግርግር መሃል አያስታውስም። የተሻለው ለውጥ ትክክለኛውን ነገር ቀላሉ ነገር የሚያደርግ ነው።

ለምሳሌ ቀጠሮውን ተመልከቱ። «ከስድስት ወር በኋላ ነይ» ማለት አለ። ቀኑን ካርዱ ላይ ጽፎ፣ «መጋቢት ማርያም ዋዜማ ነው፣ 20» ብሎ ከምታውቀው ቀን ጋር ማያያዝም አለ። ስልኳ የፈረንጅ አቆጣጠር የሚያሳይ ከሆነ ቀኑን ቀይራችሁ እዚያው ማስታወሻ አስሞሏት። ሁለት ስልክ ቁጥር ተቀበሉ፦ የራሷንና የቅርብ ሰው። የሁለተኛው ሰው ስልክ ሲሆን «ብንደውልበት ችግር የለውም?» ብላችሁ ጠይቁ። መዝገቡ ላይ ለሁለተኛው ቁጥር ቦታ ካልተሠመረ ማንም አይጽፈውም፤ ስለዚህ በማስመሪያ አስምሩለት። ተራ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ከአንድ ቀን ስልጠና ይልቅ ይህችን መስመር እመርጣለሁ።

8. በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው፣ በአንድ ክፍል ሞክሩ

እዚህ ላይ ከለመድነው መንገድ እንወጣለን። የለመድነው ማኔጅመንት ይወስናል፣ ደብዳቤ ይወጣል፣ «ከሰኞ ጀምሮ» ይባላል። ካልሠራም ደብዳቤው ዝም ብሎ ይረሳል። የሙከራው መንገድ ተቃራኒ ነው። ሐሳቡ እስኪያስተማምን ድረስ ትንሽ ሆኖ ይቆያል።

*ማቀድ።* «በመጪው ሐሙስ ሲስተር ብቻዋን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት፣ ለኩፍኝ የመጣ ማንኛውም ልጅ ቢኖር ብልቃጥ ትከፍታለች።» ይህ በቂ ነው። ከዚያ ግምታችሁን ጻፉ፦ «አራት ልጅ ይመጣል፤ ግማሹ ዶዝ ይጣላል።» ግምት መጻፍን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የምትማሩት ግን ከግምታችሁና ከሆነው ነገር ልዩነት ነው። ሳይገምት የሞከረ ሰው ምንም ቢመጣ «ጠብቄው ነበር» ይላል።

*መሥራት።* ሞክሩ። ያልታሰበ ነገር ሲመጣ እዚያው ጻፉ። መብራት ጠፋ፣ አንዲት እናት ካርዱን ረስታ መጣች፣ ሁለት ልጆች ገና 14 ወራቸው ነው።

*ማጥናት።* በማግስቱ ጠዋት ለአሥር ደቂቃ ቁሙና አወዳድሩ። ምናልባት አንድ ልጅ ብቻ መጥቶ ይሆናል። ለምን? ጥበቃው ስለ ሙከራው አልሰማም፤ እንደ ልማዱ «ማክሰኞ» ሲል ነው የዋለው።

*መወሰን።* ሦስት ምርጫ አለ፦ መያዝ፣ ማስተካከል፣ መተው። እዚህ ማስተካከል ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ ጥበቃው «ዛሬ የለም» በሚለው ፈንታ «ግቢና ሲስተርን ጠይቂያት» ይላል። ሁለት ቃል ነው የተለወጠው፤ በዚያ ሐሙስ ግን ክፍሉ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል።

ሦስተኛው ዙር ብክነቱን ይይዛል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በዚያ ሳምንት 15 ወር የሚሞላቸውን ከመዝገቡ አውጥታ ለሐሙስ ጠዋት ትጠራቸዋለች። ድንገት ለመጣች አንዲት እናት የሚከፈተው ብልቃጥ ለተጠሩትም ይሆናል። ግማሹ ስልክ ዝግ ቢሆን ደግሞ ያ ራሱ ትምህርት ነው፤ ወደ ሁለተኛው ስልክ ቁጥር ይመልሳችኋል።

አራተኛው የቅዳሜ ጠዋት ሙከራ ሊሆን ይችላል። በአካባቢያችን ያሉ ብዙ እናቶች የፋብሪካ ወይም የቀን ሥራ ሠራተኞች ናቸው። ሐሙስ መምጣት ለእነሱ የቀን ገቢ ማጣት ነው። ነገር ግን ቅዳሜ የዲዩቲ (የተረኝነት) ጉዳይ አለ። ያለ ስምምነት የአንድ ሰው ትከሻ ላይ አትጫኑት። በአንድ ሰው ፈቃደኝነት ብቻ የቆመ ለውጥ ያ ሰው በታመመ ቀን ያበቃል።

አንዱ ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር ቡድኑ ፊቱ ይጠቁራል። አይገባም። አንድ ሐሙስ ነው የጠፋው። በደብዳቤ ተጀምሮ ቢሆን መላው ጤና ጣቢያ ነበር የሚሰለቸው።

ማስጠንቀቂያ ቢጤ፦ የሕክምና መመሪያን የሚጥስ ነገር አይሞከርም። የክትባቱን መጠን፣ የሚሰጥበትን ዕድሜ፣ የማቀዝቀዣውን ሙቀት አትነኩም። የምትሞክሩት ትክክል መሆኑ የታወቀው ነገር ለሁሉም እንዴት ይድረስ የሚለውን ነው።

9. መስመሩን በእጅ ሣሉ

ካሬ ወረቀት ውሰዱ። አግድም ሳምንታቱን፣ ሽቅብ የተመለሱትን ሕፃናት ቁጥር አድርጉ። በየሳምንቱ አንድ ነጥብ፤ ነጥቦቹን አገናኙ። ነጥቦቹ አሥር ያህል ሲሆኑ መካከለኛውን ፈልጉ። ቁጥሮቹ 7፣ 5፣ 8፣ 6፣ 9፣ 7፣ 4፣ 7፣ 6፣ 8 ቢሆኑ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሯቸው፦ 4፣ 5፣ 6፣ 6፣ 7፣ 7፣ 7፣ 8፣ 8፣ 9። መሃል ያሉት ሁለቱም 7 ስለሆኑ መካከለኛው 7 ነው። በ7 ላይ አግድም መስመር አስምሩ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ሕጎች ይበቃሉ። ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ነጥቦች በተከታታይ ከመስመሩ በታች ወይም በላይ ከዋሉ እውነተኛ ለውጥ አለ ማለት ነው። መስመሩ ላይ ያረፈ ነጥብ አይቆጠርም፤ ዝለሉት። አምስት ወይም ከዚያ በላይ ነጥቦች በተከታታይ ከወረዱ ወይም ከወጡም እንዲሁ። ከዚያ ያነሰው የተለመደ መዋዠቅ ነው። በአንድ ሳምንት 9 ሆነ ብሎ መቆጣት፣ 4 ሆነ ብሎ ማመስገን ሁለቱም ከንቱ ድካም ነው።

በየነጥቡ ላይ የሆነውን ጻፉበት። «ጥምቀት»፣ «ከባድ ዝናብ፣ መንገዱ ጭቃ»፣ «ጥበቃው የሚለውን ቀየረ»፣ «ሲስተር ዕረፍት»። ከወራት በኋላ ወረቀቱን የሚያይ ሰው ታሪኩን ከዚያ ያነባል። በኮምፒውተር የተሠራ ባለ ቀለም ግራፍ ያምራል፤ የሚያየው ግን የሠራው ሰው ብቻ ነው። በእስክሪብቶ ተሥሎ ክትባት ክፍሉ በር ጀርባ የተለጠፈውን ሁሉም ያየዋል።

የሕፃን ወይም የእናት ስም የትኛውም ወረቀት ላይ አይለጠፍ። የሠራተኛ ስምም ቢሆን። «በሲስተር እገሌ ተራ ይህን ያህል ተመለሰ» የሚል መስመር አንዴ ከታየ ቁጥሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ መዋሸት ይጀምራል።

10. ሰው ሲቀየር እንዳይፈርስ አድርጉ

ሮቴሽን አይቀርም። የክትባት ነርሷ ወደ ማዋለጃ ትሄዳለች፤ አዲስ ሰው ይመጣል። ስለዚህ የጸናውን ለውጥ በአንድ ገጽ ጻፉት፦ ምን እናደርጋለን፣ ማን ያደርገዋል፣ መቼ፣ እሷ ከሌለች ማን። ጥበቃውም ሲቀየር አዲሱ በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው ነገር እዚያ ይግባ።

ለውጡ በመስመሩ ላይ ለጥቂት ወራት ከጸና በየሳምንቱ መቁጠሩን ትታችሁ በወር አንድ ሳምንት ብቻ ቁጠሩ። እንደገና ከተበላሸ ያኔ ይታያል። ሥራውን ወደ ሌላ ክፍል ስትወስዱት የእናንተን መፍትሔ ገልብጣችሁ አትስጡ። አዲሱ ክፍልም ከራሱ ትንሽ ሙከራ ይጀምር፤ የእናንተ ማክሰኞ የእነሱ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

ለሱፐርቪዥን ግን የሚታይ ነገር ይጠየቃል፤ ያ አይቀርም። ቦክስ ፋይሉ ውስጥ አምስት ነገር አስገቡ፦ የግቡን ዓረፍተ ነገር፣ በቁራጭ ወረቀት የደረደራችሁትን መንገድ ፎቶ፣ የእያንዳንዱን ሙከራ ግማሽ ገጽ ከነግምቱ፣ የመስመሩን ቅጂና የአንድ ገጹን አሠራር። ያልተሳኩትን ሙከራዎች አታውጧቸው። ሱፐርቫይዘሩ «ይህ ለምን አልተሳካም?» ካለ ስለ ጥበቃው ንገሩት። ዋናው የመስመር ወረቀት ከበሩ ጀርባ አይነሳ።